ብዙ ሚስት የሚገባበት ቤት ወንዱን ያስረዝማልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አማቴ ሦስት ሚስቶች ነበሯቸው፤ ወንዶች ልጆቻቸው ረጃጅም፣ ሴቶቹ አጫጭር ናቸው። ወንዱ ልጄ፣ ብዙ ሚስት በሚገባበት ማኅበረሰብ ወንዱ ከሴቷ እጅግ ይረዝማል የሚል ጽሑፍ አንብቧል። እርሱ በ16 ዓመቱ 171 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የ13 ዓመቷ እኅቱ ግን 152 ናት፤ የወር አበባ ካየች ዓመት ሆኗታል። እኔ 158፣ አባታቸው 174 ነን። ልጄን ላሳክማት?

መልስ፦ ልጅዎ ያነበበው ሐሳብ ከእንስሳት ጥናት የመነጨ ነው። እንደ ጎሪላ ባሉት፣ ወንዶቹ ለሴት ሲሉ ስለሚፋለሙ ግዙፉ ይበልጥ ይራባል፤ ስለዚህም ወንዱ የሴቷን እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚኖሩት፣ ጊቦን በተባሉ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሪቻርድ አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ ይህንን ሐሳብ በሰው ልጅ የጋብቻ ሥርዓቶች ላይ ፈትሸው ደገፉት፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ግን ጎሊንና ቦስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ጉዳዩን እንደገና መርምረው፣ የጋብቻው ዓይነት የቁመቱን ልዩነት እንደማይወስን ደመደሙ። በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ ወንዱ በአማካይ ሴቷን የሚበልጠው በ7 በመቶ ገደማ ነው። ደግሞም ሁለተኛ ሚስት የሚያስገባው ሀብትና ልማድ እንጂ ቁመት አይደለም፤ የአንድ አያት ሦስት ጋብቻም የልጅ ልጅን አጥንት አይለውጥም።

ልዩነቱን በዋናነት የሚፈጥረው የጉርምስና ጊዜ ነው። ሴት ልጅ ከወንዱ ሁለት ዓመት ያህል ቀድማ ትመዘዛለች፤ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞንም የአጥንቶቿን ማደጊያ ጫፎች ቀድሞ ይዘጋል፤ ወንዱ በእነዚያ ተጨማሪ ዓመታት ማደጉን ይቀጥላል፣ በኋላም ፈጥኖ ይመዘዛል። በዚህ ላይ የልጅነት ምግብና ሕመም ይጨመራሉ። በአማትዎ ቤት ማዕዱ ለወንዱና ለሴቷ እኩል ይቀርብ እንደ ነበር ብጠይቅ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከሚስቶቹ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና፤ በሕፃንነት የደረሰ መቀንጨር በኋላ ለማካካስ ይከብዳል።

የልጅዎን የሚጠበቅ ቁመት ለመገመት የእናትና የአባትን ቁመት ደምረን፣ ለሴት 13 ቀንሰን ለሁለት እናካፍላለን፦ 159.5 ይሆናል፤ ከዚያ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ጤናማ ነው። ልጅዎ አሁን ባላት 152 ከዚህ ክልል ውስጥ ናት፤ የወር አበባ ከታየ በኋላ የሚቀረው እድገትም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከክልሉ የመውጣት ምልክት አላይባትም፤ ሕክምናም አያሻትም። በ13 ዓመቷ ጡቷ ማጎጥጎጥ ያልጀመረ ወይም በ15 ዓመቷ የወር አበባ ያላየች ልጅ ብትሆን ኖሮ ግን መመርመር ያስፈልጋት ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ጫማዋን አውልቃ ጤና ጣቢያ ትለካ፤ ቁመት ያስጨምራል እየተባለ ለሚሸጥ ክኒን የሚያወጡትን ገንዘብ ከቀፊራ ገበያ እንቁላልና ባቄላ ይግዙበት።