ስካዳው ለሦስተኛ ጊዜ አረፈ፤ ጌሚንግ ኮምፒውተር ይሻለዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የወፍጮውን ሁኔታ የምናይበት የስካዳ ኮምፒውተር በሁለት ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ አረፈ። ሦስቱም ከሱቅ የተገዙ ተራ ዴስክቶፖች ነበሩ። አለቃዬ «አቅም አንሷቸው ነው» ብሎ የጌሚንግ ኮምፒውተር ፕሮፎርማ አስመጣ። 64 ጊጋ ራም፣ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ፋን። ያለን 1,500 ታግ (ስካዳው የሚከታተላቸው የመረጃ ነጥቦች) ገደማ ነው። ኮሚቴው በዚህ ሳምንት ይሰበሰባል፤ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አይገዛ በላቸው። መብራቱ ያምራል፣ ግን ወፍጮ ቤት ነው የምትሠሩት።

ለኮሚቴው መጀመሪያ ይህን አስረዳልኝ። ወፍጮውን የሚያሠራው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ፒኤልሲው፣ ማለትም የማሽኑ መቆጣጠሪያ ነው። ሞተር የሚያስነሳው፣ ቫልቭ የሚዘጋው፣ አደጋ ሲያይ መስመሩን የሚያቆመው እሱ ነው። ስካዳው ያሳያል፣ የኦፕሬተሩን ትእዛዝ ያቀብላል፣ አላርምና ታሪክ ይመዘግባል። ለ1,500 ታግ ይህ ቀላል ሥራ ነው። አራት ኮር ያለው መካከለኛ ፕሮሰሰርና 16 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ እንዲያውም ይተርፈዋል። ሦስቱ ኮምፒውተሮች የሞቱት ዘገምተኛ ስለሆኑ አይመስለኝም። እስቲ የመጨረሻውን ክፈተው። ፋኑ ላይ ዱቄት ተጋግሮ ካላገኘህ ቡና በእኔ።

አሁን ደግሞ ጌሚንጉን አስበው። ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን 300 ዋት ሊበላ ይችላል። ያንን ሙቀት ለማውጣት አራት አምስት ፋን ይጨመርለታል፤ ፋን በበዛ ቁጥር ደግሞ ዱቄት በብዛት ይስባል። ማለትም በበለጠ ገንዘብ የበለጠ ዱቄት ትሰበስባላችሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ሻጮች ፈጽሞ አያነሱትም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የብዙ ኢንዱስትሪያል ኮምፒውተሮችን ዳታሺት ብታይ «እስከ 2,000 ሜትር» የምትል ትንሽ መስመር አለች፤ ከዚያ በላይ ከወጣህ የሚፈቀደው የአካባቢ ሙቀት ዝቅ ይላል። አዲስ አበባም ከዚያ በላይ ናት። «አገራችን ብርድ ነው» እንዳትለኝ፤ የተዘጋ ካቢኔ ውስጥ ብርድ የለም። ስለዚህ ፕሮፎርማ ስትጠይቅ ፋን የሌለው፣ በአካሉ የሚቀዘቅዝ ኢንዱስትሪያል ኮምፒውተር በል፣ በከፍታችሁ ላይ የሚፈቀድለትን ሙቀትም በጽሑፍ ይስጡህ።

ኮምፒውተሩ ወፍጮው አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አውጣው። በአየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ በአንድ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል፤ ቀልድ አይደለም። ኮምፒውተሩ መቆጣጠሪያ ክፍል ይቀመጥ። አዳራሹ ውስጥ ስክሪን የግድ ካስፈለገ፣ ለሚፈነዳ ብናኝ አካባቢ ተብሎ የተመሰከረለት ፓነል ብቻ ነው የሚገባው።

ወደ ዋናው ገዳይ ልምጣ፤ መብራት። ስለ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ዲስክ) ሲወራ ሁሉም «ስካዳ ሌት ተቀን ስለሚጽፍ ቶሎ ያልቃል» ይላል። እስቲ እናስላው። አንድ ተራ የ500 ጊጋ ኤስኤስዲ ብዙውን ጊዜ 300 ቴራባይት ያህል እስኪጻፍበት ዋስትና አለው። በቀን 50 ጊጋ ብትጽፍበት (የእናንተ ከዚያ በጣም ያንሳል) 6,000 ቀን ይሆናል፣ 16 ዓመት። ትንንሽ ጽሑፍ ሲበዛ ዲስኩ ውስጥ ውስጡን ከታዘዘው በላይ ስለሚጽፍ በሦስት እናካፍለው፤ አሁንም አምስት ዓመት አለህ። የሚገድለው እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል ነው። ዲስኩ በእጁ ላይ የነበረውን ሳያስቀምጥ ይጠፋል፣ ዳታቤዙ ይበላሻል፣ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቅሃል። ለዚህ ነው የመብራት መጥፋት መከላከያ ያላቸው ኤስኤስዲዎች የሚሠሩት፤ ውስጣቸው ያሉት ካፓሲተሮች ዲስኩ የጀመረውን ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ኃይል ይሰጡታል። ዋጋቸው ወደድ ይላል። ከጌሚንጉ ግራፊክስ ካርድ ግን በጣም ይረክሳሉ፤ እንዲያውም ሁለት ገዝተህ አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን አድርጋቸው።

ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) «አለን» ማለት ብቻውን አይበቃም። ጄኔሬተር ሲነሳ ቮልቴጁም ፍሪክዌንሲውም ይዋዥቃል፤ ርካሹ ዩፒኤስ ይህን አልቀበልም ብሎ ከባትሪ ወደ መስመር ከመስመር ወደ ባትሪ ሲመላለስ ባትሪውን ይጨርሳል። መብራቱን ሁልጊዜ በራሱ ኢንቨርተር በኩል አስተካክሎ የሚሰጠውን፣ ኦንላይን የሚሉትን ዓይነት ግዛ። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ የዩኤስቢ ኬብሏን ነው። ዩፒኤሱ ከኮምፒውተሩ ጋር በኬብል ካልተገናኘ ባትሪው ማለቁን ማን ይነግረዋል? ኬብሏን ሰካ፣ ሶፍትዌሩን ጫን፣ ባትሪው ሲያንስ ዊንዶውስ ራሱን በሥርዓት ይዝጋ። ባዮስ ውስጥም መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አድርገው፣ ሌሊት ከቤትህ እንዳይጠሩህ።

የኔትወርክ መግቢያ ሁለት ይኑረው፤ አንዱ ለፒኤልሲው፣ ሌላው ለቢሮው። እነዚህ ሁለት እንዳይቀላቀሉ። ሳልረሳው፣ ከመግዛትህ በፊት የስካዳው አምራች የሚያወጣውን የተኳኋኝነት ዝርዝር አንብብ። የትኛው ዊንዶውስ፣ የትኛው ስሪት፣ ላይሰንሱ በዩኤስቢ ዶንግል (በምትሰካ የፈቃድ ቁልፍ) ነው ወይስ ከኮምፒውተሩ ጋር የታሰረ። አንድ ቦታ አዲስ ኮምፒውተር አምጥተን ላይሰንሱ ከሞተው ዲስክ ጋር ተቀብሮ ሁለት ሳምንት ቁጭ ብለናል፣ እኔም አብሬ።

ሁሉም ተጭኖ ከሠራ በኋላ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በውጫዊ ዲስክ ውሰድና ካዝና ውስጥ አስቀምጥ። አንዴ መልሰህ ሞክረው። ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ጥያቄ፦ ሰበታ አካባቢ በውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ የምሠራ ኢንጂነር ነኝ። የአሮጌው ማሽናችን ፒኤልሲ የሚገናኘው በሰሪያል (በድሮው ዓይነት የመረጃ ገመድ) ነው፤ አዲሱ ላፕቶፕ ግን ሰሪያል ፖርት የለውም። የዩኤስቢ መቀየሪያ ገዛሁ፤ አንዱ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ እምቢ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መቀየሪያሽ ውስጥ ያለው ቺፕ ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም። ቺፕ ሠሪዎቹ የተቀዳባቸውን በድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር በሚያግባባው ሶፍትዌር) ይቀጣሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኤፍቲዲአይ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ድራይቨር የተቀዱ ቺፖችን መለያ ቁጥር ዜሮ እያደረገ ከጥቅም ውጪ አድርጓቸው ብዙ ሰው ጮኾ ነበር። አንዱ ላፕቶፕሽ የቆየ ድራይቨር ይዞ ይሆናል የሚሠራው። ከታመነ አቅራቢ ኦሪጅናል ቺፕ ያለው ግዢ፣ ከተቻለ ደግሞ በኤሌክትሪክ የተነጠለ ዓይነት ይሁን፤ በፒኤልሲውና በላፕቶፑ ቻርጀር መካከል የመሬት (ኧርዝ) ቮልቴጅ ልዩነት ካለ የሚቃጠለው ፖርቱ ነው። እሱ እስኪመጣ ቻርጀሩን ነቅለሽ ሥሪ። እውነተኛ ሰሪያል ፖርት ያለው አሮጌ ላፕቶፕ መጋዘን ውስጥ ካለ ደግሞ ለማንም እንዳትሰጪው።

ጥያቄ፦ ዱከም የፕላስቲክ ፋብሪካ አለኝ። የዊንዶውስ 10 ጊዜ አለቀ አሉኝ። የማሽኖቹን ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ 11 ላሳድግ?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ይረጋጉ። አዎ፣ የተራው ዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ግን ማሽን ላይ ያለ ኮምፒውተር የቢሮ ኮምፒውተር አይደለም። የስካዳው ስሪት 11ን የማይደግፍ ከሆነ ማሳደግ ማለት የሚሠራን መስመር በእጅዎ ማቆም ነው። አሮጌዎቹም ቲፒኤም 2.0 (ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ቺፕ) ስለሌላቸው 11ን ላይቀበሉ ይችላሉ። ለጊዜው ከኢንተርኔት ይነጠሉ። ፍላሽም ይከልክሉ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የተገኘው ስታክስኔት የተባለ ቫይረስ የኢራንን ማሽኖች የበላው በፍላሽ ጭምር ተዛምቶ ነው፣ የእርስዎ ኦፕሬተር ደግሞ ሙዚቃ ይዞ ይመጣል። አዲስ ሲገዙ ግን ዊንዶውስ 10 አይኦቲ ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ 2021 (ድጋፉ ረጅም የሆነው የኢንዱስትሪ ስሪት) የተጫነበት ኢንዱስትሪያል ኮምፒውተር ይጠይቁ፤ የእሱ ድጋፍ እስከ ጃንዋሪ 2032 እ.ኤ.አ. ነው። ሆም የሚባለውን ስሪት ይዞ የመጣ ሻጭ ካለ ይመልሱት።