የተዘጋውን የአያቶቼን ቤት እንዴት ላቆየው?

ጥያቄ፦ ገጠር ያለው የአያቶቼ የድንጋይ ቤት ሰው ካልኖረበት ዓመታት አልፈዋል። ግንቡ በኖራ የተሠራ ነው። አሁን ለማደስ አቅሙ የለኝም። መስኮቶቹን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ግድግዳውን በሲሚንቶ ባስለስነው ይቆይልኛል?

መልስ፦ እባክዎ፣ ሲሚንቶውን ይተዉት! በግንበኝነት ሕይወቴ በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ጤነኛ ቤት በደግ ሐሳብ ሲበላሽ። የኖራ ግንብ እርጥበት ቢገባበትም በመጋጠሚያዎቹ በኩል መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ያንን መውጫ ይደፍነዋል። ከዚያ ውሃው ውስጥ ይታመቅና ድንጋዩን ራሱን ይፈረፍረዋል። የላላ መጋጠሚያ ካለ በኖራ ብቻ ያስሞሉት።

መስኮቶቹን መዝጋትዎ ጥሩ ነው። ግን አየር ማስገቢያ ይተዉላቸው፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት። አየር በሌለበት እንጨቱ እርጥበት ይዞ ይቀራል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ደግሞ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ይነሳበታል።

ያለችዎትን ገንዘብ ጣሪያውና አሸንዳው ላይ ያውሏት። በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ውሃውን በግድግዳው ላይ ይለቀዋል፤ ማጽዳቱ ግን መሰላልና ግማሽ ቀን ቢፈልግ ነው። የውሃና የመብራት መስመሩንም ያስቋርጡ።

ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ምንም ከመንካትዎ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ቁልፉን ለሚያምኑት ጎረቤት ይስጡ፤ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ገብቶ ኮርኒሱን ይይልዎት።