አደገኛው ኢ. ኮላይ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ፍራንክፈርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ጀርመን የተነሣው የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ከአብሽ በቆልት ጋር ተያይዞ ሲነገር እሰማለሁ። ኢ. ኮላይ በጤነኛ ሰው አንጀትም የሚኖር ከሆነ፣ ላቦራቶሪ ገዳዩን በምን ለይቶ ያውቀዋል? እኛስ በቤታችን የምናበቅለው ያሰጋል?

መልስ፦ ኢ. ኮላይ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉዳት አልባውም ገዳዩም አንድ ስለሚመስል፣ መለያው የተሸከመው ዘረ መል ነው። ዲኤንኤን አባዝቶ በሚለየው በፒሲአር ምርመራ በቅድሚያ የሚፈለጉት ሺጋ የተባለውን መርዝ የሚያስገኙት ኤስቲኤክስ 1 እና ኤስቲኤክስ 2 የተባሉት ዘረ መሎች ሲሆኑ፣ በኩላሊት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ይበልጥ የሚፈራው ሁለተኛው ነው። ከእነዚህ ጋር ባክቴሪያው ከአንጀት ግድግዳ አጥብቆ እንዲጣበቅ የሚረዳው ኢኤኢ የተባለ ዘረ መል ይፈለጋል። የመርዙና የማጣበቂያው ዘረ መል በአንድ የምግብ ናሙና መገኘታቸው ግን ብቻውን አይበቃም፤ መርዙ የአንዱ፣ ማጣበቂያው የሌላው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ፒሲአርም የሞተውን ባክቴሪያ ዲኤንኤ ከሕያው አይለይም። ስለዚህ ሕያዉን ባክቴሪያ ለብቻው አሳድጎ እንደገና መመርመር ግድ ይላል።

ከ3,800 በላይ ሰዎችን ያሳመመውና ከ50 በላይ የገደለው የጀርመኑ ዝርያ፣ ኦ104:ኤች4፣ ከተለመደው ሥርዓት የወጣ ነበር። ኤስቲኤክስ 2 ሲኖረው ኢኤኢ አልነበረውም፤ በምትኩ ሌላ ዓይነት ተቅማጥ አምጪ ኢ. ኮላይ የሚጣበቅበትን መሣሪያ ይዞ ተገኘ። የመርዙን ዘረ መል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚያሻግረው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ቅልቅል መፈጠሩ አያስገርምም፤ ኦ157 የተባለውን ታዋቂ አደገኛ ዝርያ ብቻ የሚፈልግ ላቦራቶሪ ግን ይህን ያልፈዋል። በተቃራኒው፣ ሃምቡርግ ላይ በስፔን ኪያር የተገኘው ኢ. ኮላይ መርዘኛ ተብሎ ከታወጀ በኋላ የወረርሽኙ ዝርያ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። የስፔን ገበሬዎች ግን እስከዚያ ከስረው ነበር፤ በእኔ እምነት ያ መግለጫ ቢያንስ ጥቂት ቀናት መታገሥ ነበረበት።

በመጨረሻ ወደ አብሽ ያመራው የዘረ መል ምርመራ ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት ሰኔ በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ያው ዝርያ ሰዎችን ሲያሳምም፣ የዘሩን የንግድ መንገድ የተከተሉ መርማሪዎች ሁለቱም ወረርሽኞች ከግብፅ በገባ የአብሽ ዘር ላይ እንደሚገናኙ ደረሱበት፤ ከዘሩ ላይ ግን ባክቴሪያው አልተገኘም።

የቤቱን በተመለከተ፣ ባክቴሪያው በዘሩ ላይ ካለ፣ በቆልት የሚያስፈልገው እርጥበትና ሙቀት ለእርሱም ይመቸዋል፤ በንጹሕ ቤት መብቀሉ ዋስትና አይሆንም። በደንብ የተቀቀለ በቆልት ሥጋት የለበትም፤ ጥሬውን ግን በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን አለማቅረብ ይሻላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ እንጂ በራሱ አንቲባዮቲክ አይጀምር፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የመርዙን ዘረ መል የሚያሻግረውን ያንኑ ቫይረስ ቀስቅሰው መርዙን ያበዙታልና።