ቅሪተ አካልና የተኛበት መሬት፦ ጥያቄና መልስ

ሥነ ምድር አጥንቼ ለተወሰኑ ዓመታት በአፋር ከመስክ ቡድኖች ጋር ሠርቻለሁ። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ አጥንቱ ነው፤ እኔ ግን ደጋግሜ ወደ አፈሩ እመለሳለሁ፤ የተኛበት ንብርብር ያልታወቀ አጥንት ዕድሜውንም ሆነ ዘመኑን ሊነግረን አይችልምና።

ጥያቄ፦ አንድ እንስሳ ከሞተ በኋላ ቅሪተ አካል እስኪሆን ድረስ ምን ምን ያልፍበታል?

መልስ፦ አብዛኛው ፍጡር ቅሪተ አካል ሳይሆን ይጠፋል። ሜዳ ላይ የሞተችን ላም አስቡ፤ ሥጋዋን ጅብና ጥንብ አንሳ ይጨርሱታል፣ አጥንቷን ፀሐይና ዝናብ እያፈራረቁ ይሰነጥቁታል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተፈርፍሮ ከአፈር ይቀላቀላል። ከዚህ የሚተርፈው ፈጥኖ የተቀበረ ነው፤ ጎርፍ ያመጣው ደለል የሸፈነው፣ የሐይቅ ዳር ጭቃ የዋጠው፣ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ የወረደበት።

ከተቀበረ በኋላ ሥራው የውኃ ነው። በደለሉ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሰርገው ውኃ ሲሊካን፣ ካልሲየም ካርቦኔትንና ብረትን አሟሙቶ ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ማዕድናት በአጥንቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ እየረጉ ይሞሏቸዋል፣ የአጥንቱ የራሱ ማዕድንም በጊዜ ብዛት ይለወጣል። ቅርጹ እንዳለ ሆኖ ክብደቱ ይጨምራል፤ ቀለሙም እንደ አካባቢው ማዕድን ይጠቁራል ወይም ይቀላል። ከአካል ክፍሎች ሁሉ ጥርስ በብዛት የሚገኘው የላይኛው ሽፋኑ ገና ከመጀመሪያው ከሞላ ጎደል ማዕድን ስለሆነ ነው።

አካል ሳይኖርም ቅሪት አለ። በታንዛኒያ ላኤቶሊ እ.ኤ.አ. በ1978 የተገኙት፣ ዕድሜያቸው 3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የእግር ዱካዎች እርጥብ አመድ ላይ ታትመው፣ አመዱ ጠንክሮ፣ ሌላ አመድ ሸፍኗቸው የቆዩ ናቸው። አጥንት የማይነግረንን አካሄድ ዱካ ይነግረናል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በእጃችን የምንይዘው አጥንት ነው ወይስ ድንጋይ?

መልስ፦ እንደ ሁኔታው ይለያያል። በአንዳንዱ የአጥንቱ ነባር ማዕድን በከፊል ይኖራል፣ በሌላው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተተክቷል። በእንጨት ላይ መተካቱ በጣም ግልጽ ነው፤ ግንዱ ሲሊካ ሆኖ ሳለ የዕድገት ቀለበቶቹ ሊቆጠሩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ለምን ሁሉም ነገር በአፋር ይገኛል? እኛ ደገኞች ምን ጎደለን?

መልስ፦ ቅሪተ አካል ለእኛ እንዲደርስ መቀበሩ ብቻ አይበቃም፤ ተመልሶ መውጣትም አለበት። አፋር ሁለቱንም አሟልቷል። የስምጥ ሸለቆው ወለል እየሰመጠ በሄደ ቁጥር ወንዞችና ሐይቆች ደለላቸውን እዚያው ሲያራግፉ ኖረዋል፣ በዙሪያው ያሉት እሳተ ገሞራዎችም በየመሐሉ አመድ አንጥፈዋል። ከዚያ በኋላ መሬቱ በስብራት ተቆራርጦ ከፊሉ ከፍ ሲል አዋሽና ገባሮቹ ይሸረሽሩት ጀመር። ዛሬ ከሐዳር ኮረብታዎች አንዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው የተደራረቡትን ንብርብሮች በዓይኑ መቁጠር ይችላል። ዕፅዋቱ ሳሳ ያሉ ስለሆኑ አዲስ ዝናብ ያጠበው ተዳፋት ላይ የወጣ አጥንት ይታያል። በአንጻሩ በደጋው ላይ መሬቱን ሣርና አዝመራ ይሸፍነዋል፣ ሥሩም ባዛልት ነው፤ ቀልጦ የፈሰሰ ዓለት ደግሞ አካል አያኖርም።

ደጋው ምንም የለውም ማለት ግን አይደለም። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ፣ በባዛልቱ መካከል በተኛ ደለል ውስጥ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ቅጠሎችና የጥንት የዝሆን ዘመዶች አጥንቶች ተገኝተዋል። አፍሪካ ያኔ ገና ከእስያ ጋር በየብስ አልተገናኘችም ነበር፤ ስለዚህ የጭልጋ እንስሳት ከውጭ የመጡት ዝርያዎች ከመግባታቸው በፊት በዚህ ምድር ማን ይኖር እንደነበር ያሳዩናል። በእኔ አስተያየት ጭልጋ በአገራችን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

ጥያቄ፦ በዓባይ ሸለቆ ዳገት ላይ በድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር አይቻለሁ። አያቴ የኖኅ ውኃ ያመጣው ነው ይሉ ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ አያትዎ ዋናውን ነገር በትክክል አይተዋል፦ ያ ድንጋይ ከባሕር የመጣ ነው። የቀረው፣ ባሕሩ እንዴት እንደመጣና ምን ያህል እንደቆየ ነው፤ ይህን ደግሞ ንብርብሮቹ ራሳቸው ይመልሱታል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ወንዙ ስትወርዱ ከላይ ያለው ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከእርሱ በታች የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፣ ቀጥሎ እርስዎ ያዩት ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ በስተመጨረሻም እንደገና የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ በመጀመሪያ አሸዋውን በአብዛኛው ወንዞች ያነጠፉት የብስ ነበር፤ ቀጥሎ ጥልቀት የሌለው ባሕር ገባ፣ ውኃው በፀሐይ እየተነነ ጂፕሰም አረጋ፤ ከዚያ ባሕሩ ሰፋ፣ ቀንድ አውጣዎችና ሌሎች ፍጥረታት ኖረውበት ሞቱ፣ ዛጎላቸውም እየተከማቸ ኖራ ድንጋይ ሆነ፤ በመጨረሻ ባሕሩ ሸሸ፣ ወንዞችም ተመለሱ። ይህ በአብዛኛው የተፈጸመው በጁራሲክ ዘመን፣ ከ200 ሚሊዮን ገደማ እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ጎርፍ ጠጠሩንም አሸዋውንም ዛጎሉንም ደባልቆ ይጥላል እንጂ በመቶ ሜትሮች የሚለካ የኖራ ድንጋይ በተረጋጋ ውኃ ውስጥ ሊያነጥፍ፣ በመካከሉም ጨዋማ ውኃ ተንኖ ጂፕሰም እስኪረጋ ሊጠብቅ አይችልም። ይህን ስናገር የማንንም እምነት ለመንካት አይደለም፤ ድንጋዩ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው የምገልጸው።

ጥያቄ፦ በካርቦን የሚለካ ከሆነ፣ ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ከየት ይመጣል?

መልስ፦ በካርቦን አይለካም። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ ለመለካት የሚበቃ አይተርፍም። ለቆዩት የምንጠቀመው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተለቀሙ ክሪስታሎችን ነው። በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም 40 እጅግ በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ዓለቱ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ሲበርድ ግን የሚፈጠረው አርጎን ክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የምንለካው ከፍንዳታው ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ነው።

ልብ በሉ፤ የተለካው አጥንቱ ሳይሆን አመዱ ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ፣ አርዲ የምትባለው የጥንት የሰው ዘር ቅሪትና ወገኖቿ የተገኙበት ደለል ከላይም ከታችም በአመድ የታጠረ ሲሆን የሁለቱም አመዶች ዕድሜ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የተሻለ ምስክር የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ከዚያው ንብርብር የተለቀሙት አጥንቶች በብዛት የጉሬዛ ዘመድ የሆኑ ጦጣዎችና አጋዘን መሰል እንስሳት ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ዛፍ ያለበት ምድር ይወዳሉ። ሰው ቀጥ ብሎ መራመድ የጀመረው ጫካው ጠፍቶ ሜዳ ሲሆን ነው የሚለውን የቆየ ሐሳብ ያናወጠው ከአርዲ አጥንት ባልተናነሰ ይህ የእንስሳት ስብስብ ነው።

ጥያቄ፦ ድንቅነሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ሂውስተን ሄጄ አይቻታለሁ። ትንሽ ነበረች። ለምንድን ነው ይህን ያህል ትልቅ ቦታ የተሰጣት?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ሲያገኟት፣ በዚያ ዕድሜ ከአንድ ግለሰብ 40 በመቶ የሚሆን አጽም ተገኝቶ አያውቅም ነበር። ዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት ቀጥ ብላ እንደምትራመድ ይመሰክራሉ፤ የወገኖቿ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት እግር ከአንጎል ቀድሞ ነበር።

ጥያቄ፦ ሰላም የተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ2000 ተገኝታ ለምን እስከ 2006 ሳትገለጽ ቆየች?

መልስ፦ በአፋር፣ ዲኪካ፣ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ያገኛት ይህች የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቃ ነበር። ድንጋዩ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ አሸዋው በቅንጣት በቅንጣት መነሳት ነበረበት። የችኮላ ሥራ ቢሆን ኖሮ በምላሷ ሥር ያለው ስስ አጥንት አይተርፍም ነበር።

ጥያቄ፦ ቁጥሮቹ በየጊዜው ይቀየራሉ። እንዴት እንመን?

መልስ፦ የሚቀየሩት ንብርብሩ እንደገና ስለሚመረመር ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የተገኘው የኦሞ ኪቢሽ ሰው ዕድሜ 195,000 ዓመት ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከቅሪቱ በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ተዛምዶ ቢያንስ 230,000 ዓመት መሆኑ ታወቀ። በተቃራኒው ከዓለም ከተማ አካባቢ የወጣው፣ ጉንዳን የያዘ የዛፍ ሙጫ መጀመሪያ ከ90 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተብሎ ከተነገረለት በኋላ ከ23 ሚሊዮን እንደማይበልጥ ተረጋግጧል። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ታረመ፤ ሁለቱንም ያረሙት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለቤት መሠረት ድንጋይ ስናወጣ ትልቅ ጥርስ አገኘን። አጥቤ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባክዎን ከእንግዲህ አይጠቡት፤ የተጣበቀበት አፈር ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ሊያሳይ ይችላል። የወጣበትን ጉድጓድ ምልክት ያድርጉበት፣ ጥልቀቱን ይለኩ፣ ከተቻለ ፎቶ ያንሱ፤ የቀረ አጥንት ካለ አይንኩት፣ ቁፋሮውንም በዚያ በኩል ያቁሙ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ፤ የቅርስ አዋጁም በቁፋሮ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ጉድጓዱ ገና ካልተደፈነ ዛሬውኑ ሄደው ይለኩት።