ደም የሚያንጠባጥብ ፎንትና የአማርኛ ፊደል

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለሚገኝ የሐበሻ ምግብ ቤት የሃሎዊን ፖስተር እየሠራሁ ነው። ደም የሚያንጠባጥብ ፎንት አውርጄ እንግሊዝኛው አምሮልኛል። «የጨለማው በር ይከፈታል» የሚለው የአማርኛ መስመር ግን በእኔ ኮምፒውተር ተራ ቀጭን ጽሕፈት፣ በማተሚያ ቤቱ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ፎንቱ አልተበላሸም፤ የግዕዝ ፊደል ውስጡ የለም። ለእንግሊዝኛ 26 ፊደላትን በትልቅና በትንሽ መሣል ይበቃል። የእኛዎቹ 33 በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ለአንድ ሰሞን ጌጥ ይህን ያህል የሚደክም ሠሪ ጥቂት ነው። ፕሮግራሙ ፊደሉን ሲያጣ ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ በዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ኒያላን ወይም ኤብሪማን ያመጣል። የሚዋሰው ካጣ ሳጥን ይተክላል።

ስለዚህ አማርኛውን በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይጻፉት፣ ከክብደቶቹም በጣም ወፍራሙን ይምረጡ። ፈቃዱ ለንግድ ሥራም ይሆናል። ያወረዱትን የእንግሊዝኛ ፎንት ፈቃድ ግን ያንብቡ፤ በነጻ ከሚሰጡት አስፈሪ ፎንቶች ብዙዎቹ ለግል ጥቅም ብቻ የተፈቀዱ ናቸው፣ የምግብ ቤት ፖስተር ደግሞ ንግድ ነው።

አሁን ደሙን በእጅዎ ለመጨመር ያስቡ ይሆናል። አጥብቄ የምለምንዎ እዚህ ላይ ነው፤ ከፊደል እግር ሥር ጠብታ አይሣሉ። በላቲን ጠብታው ጌጥ ሆኖ ይቀራል፣ በእኛ ግን እግር ማስረዘም ድምፅ መለወጥ ነው። የግዕዙ «በ» ቀኝ እግር ሲረዝም ራብዕ «ባ» ይሆንና በሩ «ባር» ተብሎ ይነበባል። ለምግብ ቤት የሚስማማ ቃል ስለሆነም ማንም ስሕተት ነው ብሎ አይጠረጥርም! የጠብታው ጫፍ ከተድቦለቦለ ከሩቅ የኃምሱን «ቤ» ቀለበት ይመስላል። በሁለቱ እግሮች መካከል ረዝሞ ከወረደ «ሐ» ይወጣል፤ በ«በ» ራስ ላይ አግድም ነገር ካስቀመጡም «ቨ»። እንደ «ተ» ያለ ባለ አንድ እግር ቀጥ ያለ ጠብታ ይችላል፣ ወደ ግራ ከታጠፈ ግን «ታ» ነው።

የግዕዝ ፊደል የሚያስፈራው ሲጨመርበት ሳይሆን ሲቀነስበት ነው፤ ስንጥቅ፣ የጥፍር ጭረት፣ የተቦጨቀ ጠርዝ። ኢንክስኬፕ በሚባለው ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ጽሑፉን መርጠው ኮንትሮል፣ ሺፍትና «C»ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ጽሑፉ በአንድ ቡድን ወደ ታሰሩ ቅርጾች ይለወጣል። ቡድኑን ፈትተው ፊደላቱን አንድ ቅርጽ ያድርጓቸው። ከዚያ የስንጥቅ ቅርጽ ሠርተው ከላይ ያኑሩና ሁለቱን መርጠው በኮንትሮልና በመቀነስ ምልክቱ ይቁረጡት። ስንጥቁን በወፍራሙ አካል ላይ ያሳርፉት፣ ቀለበቶችንና ቅጥያዎችን አይንኩ። አንድ ፊደል ሁለቴ ከመጣ ስንጥቁን ይለያዩት፤ ያው ስንጥቅ ሲደጋገም የማሽን ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። እንግሊዝኛውም ጠብታው ጥቂት ቢቀነስለት ሁለቱ መስመሮች ይቀራረባሉ።

በትንሽ ወረቀት አትመው ጽሑፉን አይቶ ለማያውቅ አማርኛ አንባቢ ከሦስት ሜትር ርቀት ያስነብቡት። ለማተሚያ ቤቱ የሚልኩት ወደ ቅርጽ የተለወጠውን ፒዲኤፍ ይሁን፤ ያኔ ፎንቱ እነርሱ ዘንድ ባይኖርም ሳጥን አይመጣም። ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ በኪቦርድ ስለማይታረም የመጀመሪያውን ፋይል ለብቻው ያስቀምጡ።