ገዳዩን ለመሰየም አትቸኩሉ

ውድ ወገኖቼ፣

ከእኛ አንዱ በሰው አገር ሲገደል ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስከሬኑ ሳይነሣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይዞራል። በቲክቶክ የቀጥታ ስርጭት ሰው ተሰብስቦ "ባሏ ነው"፣ "አሠሪዋ ነው"፣ "አብሮት የሚኖረው ልጅ ነው" ይባባላል። ሲመሽ የአንድ ሰው ስም ይወጣል፤ በማግስቱ ያ ሰው በሕዝብ ፊት ነፍሰ ገዳይ ሆኗል። እኔ ብሪታንያ ውስጥ ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ። ወገን ሲሞት ሐዘንተኛው ቤትም ፖሊስ ጣቢያም እየተገኘሁ አስተርጉሜአለሁ። በዚህ ጉዳይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ያያችሁትን ለመርማሪ ስጡ፣ የገመታችሁትን በአደባባይ አትጻፉ።

ምክንያቴን ለማስረዳት ወደ ታይላንድ ልውሰዳችሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኮ ታኦ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች፣ የባሕር ጠላቂዎች የሚወዷት ትንሽ ደሴት ናት። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2014 ማለዳ ሁለት ብሪታንያውያን መንገደኞች በሳይሪ የባሕር ዳርቻ ተገድለው ተገኙ። እርሷ 23፣ እርሱ 24 ዓመታቸው ነበር። ዶማ ከአጠገባቸው ተገኘ። ስማቸውን እዚህ አላነሣውም፤ ወላጆቻቸው ያንን ስም በማያውቁት ሰው ጽሑፍ ውስጥ ከሚገባው በላይ አይተውታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለእኛ ትምህርት ነው። የፖሊስ ጥርጣሬ መጀመሪያ ወደ በርማ ስደተኛ ሠራተኞች ዞረ፣ ቀጥሎ ወደ ብሪታንያውያን መንገደኞች፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ስደተኞቹ። የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ባንኮክ ላይ ለጥያቄ እንዲቆይ ተደረገ፤ በኋላ ጥርጣሬው ተነሣለት። በዚህ መካከል የወንጀሉ ቦታ ፎቶዎች አፈትልከው ኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። የአንድ ልጅ እናት አስከሬኑን ሳታይ የማያውቃት ሰው በስልኩ አጉልቶ ቁስሉን ይመረምር ነበር። በፌስቡክ ላይ ራሳቸውን መርማሪ ያደረጉ ሰዎች የደህንነት ካሜራ ምስሎችን እየቆራረጡ፣ የአንዱን አረማመድ ከሌላው አረማመድ እያስተያዩ፣ በደሴቲቱ ባለሀብት ከሆነ ቤተሰብ የተወለደ አንድ ተማሪ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ወጣቱ በጋዜጠኞች ፊት የዲኤንኤ ናሙና ሰጠ፤ ፖሊስም አይመሳሰልም አለ። ጥርጣሬው ግን በዚያ አላበቃለትም።

በኦክቶበር 2014 ሁለት ወጣት የበርማ ስደተኞች ተያዙ። አምነዋል ተባለ። ጥቂት ቆይተው ቃላቸውን አነሡ፤ ተደብድበን ነው ያመንነው አሉ፣ ፖሊስ ደግሞ ካደ። ይህን ልብ በሉልኝ፦ በመጀመሪያው ምርመራ ያስተረጎመላቸው የሠለጠነ አስተርጓሚ አልነበረም፣ ቂጣ እየጠበሰ የሚሸጥ ሰው ነበር። ተጠርጣሪዎቹ አፍ የፈቱትም በምዕራብ በርማ በሚነገረው በራካይን ቋንቋ ነው። ችሎቱ በኮ ሳሙይ ደሴት በ2015 ተካሄደ። እውቋ የታይላንድ የአስከሬን ምርመራ ባለሙያ ፖርንቲፕ ሮጃናሱናን በዶማው እጀታ ላይ ያገኘችው ዲኤንኤ ከተከሳሾቹ ጋር እንደማይመሳሰል መሰከረች። ዐቃቤ ሕግ ግን ከሟቿ አካል ተወሰደ ባለው ሌላ የዲኤንኤ ማስረጃ ጸና፤ ፍርድ ቤቱም እርሱን ተቀብሎ ዲሴምበር 24 ቀን 2015 ሁለቱን በሞት ቀጣቸው። በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸናው፤ በ2020 በንጉሣዊ ምሕረት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ወረደላቸው።

ፍርዱ ልክ ነው ወይም ተሳስቷል ልላችሁ አልተነሣሁም። የተገደለው ወጣት ቤተሰብ ፍርዱ ትክክለኛ ነው ብሏል፤ የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ግን እስከ ዛሬ ይጠራጠራሉ። እኔ ማሳየት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በዚያ የኢንተርኔት ጩኸት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንደኞቹ "አስተርጓሚው ማን ነበር? ጠበቃ ነበራቸው ወይ? ዲኤንኤውን ማን መረመረው?" ብለው ጠየቁ። እነዚህ ሰዎች ጠቅመዋል። ጥያቄያቸው ጉዳዩ እንዳይረሳ አድርጓል፤ የታይላንድ የጠበቆች ምክር ቤት በነጻ የቆሙ ጠበቆችን መደበ፣ የስደተኞች መብት ተሟጋቾችም ተንቀሳቀሱ። ሁለተኞቹ ደግሞ "ገዳዩ ይኸውና" ብለው የሰው ፊት ለጠፉ። እነዚህ አንድም እውነት አላወጡም። ስለዚህ ዝም በሉ አይደለም ምክሬ። ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ማስረጃ ሳይኖራችሁ ግን ሰው አትሰይሙ።

ይህ ለምን የእኛ ጉዳይ ሆነ? በኮ ታኦ የበርማ ልጆች የቆሙበት ቦታ፣ በቤይሩት፣ በሪያድና በዱባይ የእኛ ልጆች የሚቆሙበት ቦታ ስለሆነ ነው። ወንጀል ሲፈጸም መጀመሪያ የሚታየው ቋንቋ የማይችለው፣ ፓስፖርቱ በአሠሪው እጅ ያለው፣ የሚጮህለት ዘመድ በአቅራቢያው የሌለው ሠራተኛ ነው። "ይህን የሚያደርገው ስደተኛ ነው" የሚለው ግምት ዛሬ በሌላው ሕዝብ ላይ ሲነገር ዝም ካልን ወይም አብረን ካጋራን፣ ነገ በአንዲት የእኛ የቤት ሠራተኛ ላይ ሲነገር በምን አፋችን እንከራከራለን? የእኛ ሰው ተከሳሽ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በመጀመሪያው ሰዓት በሚገባው ቋንቋ የሚያስተረጉም የታወቀ ባለሙያ ይጠየቅለት፤ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ኤምባሲው ወይም ቆንስላው እንዲያውቅ ይጠይቅ። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረ የውጭ ዜጋ ለቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 37 ደግሞ የውጭ ዜጋ ሲሞት ለቆንስላው ሳይዘገይ እንዲነገር ያዛል። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ የሚናገሩትን ሁሉ "ሐበሻ" ብሎ አንድ አስተርጓሚ የሚያመጣ ጣቢያ አይቻለሁ። አይሆንም በሉ።

አሁን ስለ ሟች ቤተሰብ ልናገር፣ ልቤን የሚያደማው ይህ ነውና። በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ የንስሐ አባት ወይም የሃይማኖት መሪ ይጠራል፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል፣ በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ። እናትየዋ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ አጠገቧ አለ። ይህ ሥርዓት የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም በአንድ ጣት "ነፍስ ይማር" ብለን ፎቶ ስንለጥፍ፣ ደሴ ያለች እናት ብቻዋን ወጥ ቤት ቆማ የልጇን ሞት ከስልክ ታነባለች። ከሞቱ በታች ደግሞ የሰውን ግምት ታነባለች፦ "ለምን ብቻዋን ሄደች?" "ያን ሌሊት ምን ትሠራ ነበር?" "ከማን ጋር ነበረች?" ከኮ ታኦ ግድያ በኋላ የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ራሳቸው የውጭ አገር ሴቶች በዋና ልብስ ስለመዘዋወራቸው ተናግረው ኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዋል። እኛ በአስተያየት መስጫው ላይ በየቀኑ ያንኑ እንላለን፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ግን የለም። የተገደለች ልጅ ራሷን መከላከል አትችልም። ስሟን እንኳ ተዉላት።

የቅርብ ዘመዶች ሰምተዋል ሳይባል ምንም አትለጥፉ። ሰምተዋል ከተባለም በኋላ የሚናገረውን ቤተሰቡ ይምረጥ። የእርዳታ ገንዘብ የምታሰባስቡም ከቤተሰቡ ፈቃድ ውጭ አትጀምሩ።

"እኔ ያጋራሁት እንጂ የጻፍኩት አይደለም" የሚል ሰው ብዙ ነው። በ2018 በዚያችው በኮ ታኦ ላይ ተደፈርኩ ያለች አንዲት ብሪታንያዊት ጉዳይ ሲነሣ፣ የታይላንድ ፖሊስ በፌስቡክ የተጻፈውን ያጋሩ ሰዎችን በኮምፒውተር ወንጀል ሕግ ይዟቸዋል። ያ እርምጃ ለእኔ ግፍ ነው፤ ሆኖም የምትኖሩበት አገር ሕግ የእኔን አስተያየት አይጠይቅም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ በኢንተርኔት ሐሰተኛ ወሬ ያሰራጨውን ቢያንስ በ1 ዓመት እስራትና በ100,000 ድርሃም ይቀጣል። በዚህ በብሪታንያ ተጠርጣሪ ከተያዘበት ጊዜ አንሥቶ ችሎቱን የሚያዛባ ነገር መጻፍ በ1981 በወጣው ሕግ ፍርድ ቤትን መድፈር ሊሆን ይችላል። "አሜሪካ የመናገር ነጻነት አገር ነው" ለምትሉም፦ በኖቬምበር 2022 በአይዳሆ 4 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉ አንዲት የቲክቶክ ተናጋሪ በጥንቆላ ካርታ አየሁ ብላ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህርት ከግድያው ጀርባ እንዳለች ደጋግማ ተናገረች። መምህርቷ ከሰሰች፤ በ2024 የፌዴራል ዳኛ ተናጋሪዋ ስም አጥፍታለች ሲል ወሰነ። ግድያውን በ2025 ያመነው ፈጽሞ ሌላ ሰው ነው።

"ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት" ይላሉ አባቶች። ግምት ለምርመራውም ጠላት ነው። ምስክር ያየውንና ከቲክቶክ የሰማውን መለየት ሲያቅተው የተከሳሽ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ያፈርሰዋል፤ እውነተኛው ገዳይ በዚያ ቀዳዳ ሊያመልጥ ይችላል። በአደባባይ የተሰየመ ተጠርጣሪም፣ እውነት እርሱ ከሆነ፣ ለመሸሽና ልብሱን ለማቃጠል ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው።

እንግዲህ በእርግጥ የምታውቁት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የዚያን ሌሊት ቪዲዮ ወይም የሟቹ የመጨረሻ መልእክት ስልካችሁ ላይ ካለ፣ እንዲህ አድርጉ። አትቁረጡት፣ ጽሑፍ አትጻፉበት፣ በዋትስአፕ እየላካችሁ አታዳርሱት፤ በዋትስአፕ ሲላክ ፎቶው ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሣበትን ጊዜና ቦታ የሚናገረው መረጃም ይጠፋል። ዋናውን ፋይል ባለበት አቆዩት፣ ያያችሁትን ከማንም ጋር ሳትመክሩ በራሳችሁ ቋንቋ ቀንና ሰዓት ጠቅሳችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያስፈራችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ፤ በብሪታንያ ስም ሳይገልጹ ጥቆማ የሚቀበል ክራይምስቶፐርስ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅትም አለ። ጣቢያ ስትሄዱ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ተቀበሉና ለሟቹ ቤተሰብ አድርሱ፤ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆነው ኤምባሲውን ሲጠይቁ መጀመሪያ የሚባሉት "የመዝገብ ቁጥር አላችሁ?" ነው።