ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ የመጣ ሽፍታ

ጥያቄ፦ ወንድሜ በደም ካንሰር ምክንያት ሕንድ አገር ከእኔ በተወሰደ ስቴም ሴል (ደም የሚሠራ የመቅኔ ሴል) ንቅለ ተከላ ከተደረገለት አምስተኛ ወሩ ነው። አሁን ሱሉልታ እኔ ጋ ነው ያለው። ሰሞኑን ውስጥ እጁንና ጆሮውን ያሳክከዋል፤ አንገቱም ጠቋቁሯል። መድኃኒት ቤት «አለርጂ ነው» ብለው ክሬም ሰጡን፤ ጎረቤት ደግሞ ለጋ ቅቤ ቀቢው ይለኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉና ዛሬውኑ ለሚከታተለው የደም ሐኪም ይደውሉ። እርስዎ የሰጡት ሴል በወንድምዎ ሰውነት ውስጥ አዲስ የበሽታ መከላከያ ሆኗል። ያ መከላከያ የእሱን ቆዳ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ ጂቪኤችዲ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም እርስዎ በጠቀሷቸው ቦታዎች ነው። የመድኃኒት ሽፍታም ሊሆን ስለሚችል የሚወስዳቸውን ሁሉ፣ ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን ጨምሮ፣ ጽፈው ይያዙ።

ቀይ እስኪሆን አይጠብቁ። በጠይም ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ነው የሚታየው። በመስኮት ብርሃን ፎቶ ያንሱት። ስፋቱን በራሱ በወንድምዎ መዳፍ ይለኩ፤ አንድ መዳፍ ከነጣቶቹ ከገላው 1 በመቶ ገደማ ነው። ሐኪሙ የቆዳውን ጉዳት ደረጃ ሲያወጣ ይህን ስፋት ይጠቀማል።

የክሬሙን ስም ይዩት። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ከሆነ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፤ ፊት ላይ ከዋለ ቆዳ ያሳሳል። ሐኪሙ ካዘዘው ግን ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተጨመቀው ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ለሁለት መዳፍ ስፋት ይበቃል። ለጋ ቅቤ ያልፈላ በመሆኑ ጀርም ይኖረዋል። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይሻላል፦ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ ገላው ሳይደርቅ።

የሱሉልታ ብርድ አያታልላችሁ። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የፀሐይ ጨረሩ ይበረታል፣ ጂቪኤችዲንም ይቀሰቅሳል። ቮሪኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ቆዳው በፀሐይ ይበልጥ ይጎዳል። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ በየ2 ሰዓቱ።

ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ተቅማጥ ከያዘው ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ። በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ያስቸኩላል። የበሽታ መከላከያን የሚያዳክሙትን ታክሮሊመስ ወይም ሳይክሎስፖሪን ከሆነ የሚወስደው፣ በራሱ እንዳያቋርጥ። በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በሚለካበት ጠዋት መድኃኒቱን ለምርመራ ደም ከሰጠ በኋላ ይዋጥ።

በየሳምንቱ ደግሞ እንደ ጸሎት ሁለቱን መዳፎች አጋጥሞ ይጫን። በመካከላቸው ክፍተት ከታየ ቆዳው መጠንከር ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪሙ ይንገሩት።